ጎልማሶችን ጨዋታ ያስተማሩት እትዬ ራሔል

የእትዬ ራሔልን ሞት የሰማሁት ከገሱባ ወደ ሶዶ በሚመጣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከፊቴ ከተቀመጡት ሁለት ሴቶች አንደኛዋ ለጓደኛዋ በወላይትኛ፣ «ያቺ ልጆች ስታጫውት የኖረችው የቦምቤዋ ድሬሰር አርፋለች አሉ» ስትላት ጆሮዬ ቀጥ አለ።

«ማን? ራሔል?» አለች ሌላዋ።

ይህን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ሸበቶ ሰው ብድግ ብሎ፣ «የእኛ ራሔል? የገመድ ጉተታዋ ራሔል?» ሲል አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁመው! ሾፌሩ እንኳ ሬዲዮኑን ዘጋ። አንዱ፣ «እኔን ቁስል ማሰር ያስተማረችኝ እሷ ናት» ይላል። ሌላው፣ «በጆንያ ዝላይ ሶዶን ያሸነፍነው እኛ ነን» ይላል። «ማን ነው ያሸነፈው? እናንተማ ግማሽ መንገድ ላይ ተደፍታችሁ ቀራችሁ!» ብሎ አንድ የቤሌ ሰው ከወዲያ ጥግ ይጮኻል። እንባቸውን የሚጠርጉም ነበሩ። ግን መርዶ በተሰማበት አውቶቡስ ውስጥ እንዲያ ያለ ሳቅና ክርክር ሰምቼ አላውቅም። የሚወራው ስለ ሞተ ሰው ሳይሆን ከፊታችን ፌርማታ ላይ ቆሞ ስለሚጠብቀን ሰው ይመስል ነበር።

እነዚያ ሁሉ ያኔ ልጆች ነበሩ፤ የሚያስታውሱት ጨዋታውን ነው። እኔ ግን ጨዋታውን እንዲመሩ እትዬ ራሔል ከያሉበት ለቅመው ካሰለጠኗቸው ትልልቅ ሰዎች አንዱ ነበርኩ። እኛ ምን እንዳየን ልጆቹ አያውቁም።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። እኔ የቤሌ ገበሬ ልጅ ሆኜ፣ እንደምንም ተምሬ፣ ሶዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና እመታ ነበር። ክራባት አስራለሁ። ክረምት ቀዩ ጭቃ ቁርጭምጭሚት ድረስ ሲውጥ እንኳ ጫማዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ፣ ቢሮው በር ላይ ደርሼ ነው የማደርገው። ሰው ሲያየኝ ደስ ይለኛል፤ ሰው ሲጠጋኝ ደግሞ ልብሴ እንዳይቆሽሽ እሸሻለሁ።

እትዬ ራሔል በክሊኒኩ ቁስል የሚያጥቡና የሚሰፉ ድሬሰር ነበሩ። አጭር፣ ደንዳና፣ ሲራመዱ ነጭ ጋዋናቸው ከኋላቸው የሚርገበገብ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ጎርነን ያለ ነው፤ ግን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማ የለም። ባለቤታቸው ጋሽ ዳዊት የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ሶዶ ከሚያድሩበት ቀን መንገድ ላይ የሚያድሩበት ይበዛል፤ ሲመጡ ጡሩምባቸውን ከዳሞታ ተራራ ሥር ጀምረው ነው የሚያሰሙት።

አንድ ሰኞ ጠዋት እትዬ ራሔል ቢሮዬ ገቡ። እጅጌያቸው ላይ ደም ነበር።

«አንተ የቤሌው ልጅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ።

«እኔ? ሸሚዜን እተኩሳለሁ።»

«ከሰዓቱን ሙሉ?»

«ከዚያ... ዞር ዞር እላለሁ።»

ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምን እንደማደርግ ልንገርህ» አሉ። «ጭንቅላት እሰፋለሁ። የላይ ሰፈር ልጆች ከታች ሰፈር ልጆች ጋር በድንጋይ ይፈነካከታሉ፤ እኔ እሰፋለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ የሰፋሁትን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ሰለቸኝ! ጭንቅላቱ ሳይፈነከት በፊት እዚያ የሚቆም ሰው ነው የምፈልገው። አዲስ አበባ ለኮርስ ተልኬ የወጣት ቡድን መሪ እንዴት እንደሚሰለጥን አይቻለሁ። ትመጣለህ አይደል?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ልጅ ማጫወት አላውቅም።»

«ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት» ብለው ወጡ። እሺም እምቢም ሳልል ቅዳሜ ከክሊኒኩ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ራሴን አገኘሁት።

እንደኔ ተጠርተው የመጡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። መምህራን አሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ እናቶች አሉ፤ ባለሱቁ ሽኩር አለ። የሽኩር አባት ከስልጤ አገር መጥተው ሶዶ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሲሆኑ፣ እሱ ከአባቱ ተረክቦ ጨው፣ ጋዝና ስኳር የሚሸጥ ዓይነ አፋር ሰው ነበር። ሲናገር ድምፁ ከሚዛኑ ቅጭልታ አይበልጥም። ለምን እንደመጣ ስጠይቀው፣ «ወላሂ አላውቅም። መጥታ የሱቁን በር ግማሹን ዘጋችብኝ» አለኝ።

ሁላችንም ወረቀትና እርሳስ ይዘን ትምህርት ልንሰማ ቆመናል። እትዬ ራሔል ጫማቸውን አወለቁና፣ «አውልቁ። ድመትና አይጥ ነው የምንጫወተው» አሉ።

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። «ክብ ሥሩ። ሽኩር ድመት። አንተ» ብለው ወደኔ ዞሩ፣ «ክራባቱ አይጥ።»

ሜዳው ከመንገዱ ዳር ነው። የእንሰት ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን እንደተሸከሙ ቆሙ። ከብት የሚነዱ ቆሙ። እኔ ያ ሁሉ ሰው ፊት በካልሲዬ እየሮጥኩ በሁለት መምህራን ክንድ ሥር ስሾልክ፣ ሽኩር ከኋላዬ ሲንደረደር፣ መንገዱ ላይ ያለው ሕዝብ ሆዱን ይዞ በሳቅ ይንፈራፈራል። «ትልልቆቹ አብደዋል! ኑ እዩ!» ይባላል። ሽኩር ክራባቴን ከኋላ ጨምድዶ ሲይዘኝ ሁለታችንም ቀዩ አፈር ላይ ተዘረርን።

እንደ ተነሣን እትዬ ራሔል፣ «ምን ተሰማህ?» አሉት ሽኩርን።

«አፈርኩ» አለ አቧራውን እያራገፈ።

«አንተስ?»

«ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ብቻ መሰለኝ» አልኩ።

«ሎኦ!» አሉ። በወላይትኛ ጥሩ ማለት ነው፤ ደስ ሲላቸው የምትወጣቸው ቃል ይህች ነበረች። «ማንኛውም ልጅ የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ የሚሰማው ይኸው ነው። ይህን የረሳ ሰው ልጅ መምራት አይችልም። እናንተ ደግሞ ሁላችሁም ረስታችሁት ነበር። አሁን አስታወሳችሁ። ትምህርቱ ተጀምሯል።»

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀድዶ ነበር። ግን መንገድ ላይ ብቻዬን እየሳቅኩ እንደሄድኩ አስታውሳለሁ።

እንዲህ አድርገው ነው ያሰለጠኑን። ጨዋታ ያጫውቱናል፤ ከዚያ ጨዋታውን ፈታትተው ያሳዩናል። አንዳችን ልጆች ላይ መጮህ ከጀመርን መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ያዩናል። በቃ፤ ድምፃችን ይወርዳል። «አትጩህ፣ ጠጋ በል» ይላሉ። ልጅ ሲያናግሩ ሁልጊዜ ቁጢጥ ብለው ነው፤ ዓይናቸው ከዓይኑ ትክክል እስኪሆን አፋቸውን አይከፍቱም። እኔ የጨዋታ ደንብ ሳስረዳ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አንደኛ ሁለተኛ እያልኩ ስቀጥል አቋርጠውኝ፣ «ልጆቹን እያቸው። ሞተዋል። አጫውታቸው፤ ደንቡን ሲሳሳቱ ያገኙታል» አሉኝ።

ከሁሉ ከሁሉ የሚደጋግሙት ግን አንድ ነገር ነበር። «ቀድሞ የሚሮጠውንማ ማንም ያየዋል» ይሉ ነበር። «እናንተ የማይሮጠውን እዩ። ለምን ቁጭ እንዳለ እወቁ።»

በዚህ ሽኩርን የሚያህል አልነበረም። የከተማው ልጅ ሁሉ ጨው ሊገዛ ተልኮ ሱቁ ስለሚመጣ የእያንዳንዱን ስም ከነአባቱ ያውቃል። ጥግ ይዞ ወደ ተቀመጠው ልጅ ሄዶ ጎኑ ቁጭ ይልና በዚያች በማትሰማ ድምፁ የሆነ ነገር ያወራዋል። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም ተነሥተው ሲሮጡ ታያላችሁ። እትዬ ራሔል ይህን ሲያዩ ክንዴን ጨብጠው፣ «አየኸው? አየኸው?» ይሉኛል፤ ያኔ ዓይናቸው እንደ ሕፃን ዓይን ይበራ ነበር።

ታዲያ ሁሉም ሰው አልወደደልንም። አንድ ቅዳሜ አቶ ማርቆስ ከነከዘራቸው ሜዳው ላይ መጡ። አቶ ማርቆስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ረጅም፣ ኮስታራ፣ በከተማው የተከበሩ ሰው። አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለሆነ በአነጋገራቸው ሴትም ወንድ ይሆናል።

«ወይዘሮ ራሔል» አሉ፣ «ልጄ ዶርቃ ባለፈው ቅዳሜ መጣና ኳስ መታሁ አለኝ። ሴት ልጅ ኳስ ይመታል?»

«እንዴት አድርጋ እንደመታች ነገረችዎት?»

«አልጠየቅሁም!»

«አይ፣ እሱን መጠየቅ ነበረብዎት ጋሽ ማርቆስ» አሉ እትዬ ራሔል። «ለማንኛውም እርስዎ በጥሩ ሰዓት ነው የመጡት። ልጆቹ ደክመዋል። ታሪክ የሚነግራቸው ሰው እየፈለግሁ ነበር።»

አቶ ማርቆስ ሊቆጡ መጥተው ልጆች መሐል ተቀመጡ። ምክር ጀመሩ። ስለ ታዛዥነት፣ ስለ ትጋት፣ ስለ ንጽሕና ተናገሩ። ልጆቹ መጀመሪያ አዳመጡ፤ ቀጥሎ ሣር መንጨት ጀመሩ፤ በመጨረሻ አንዱ አንዱ ላይ ተደግፎ አንቀላፋ። አቶ ማርቆስ ይህን አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ስብከት ላይ የሚያንቀላፋባቸው ሰው አይተው አያውቁም ነበርና ድንግጥ አሉ።

እትዬ ራሔል አጠገባቸው ቁጢጥ ብለው በጆሯቸው፣ «እርስዎ ያደጉት ኦሞ ወንዝ አጠገብ አይደል? ሕፃን ሆነው የፈሩት ነገር ምንድን ነው?» አሏቸው።

አቶ ማርቆስ ቀስ ብለው፣ «ጉማሬ» አሉ።

«እሱን ይንገሩ።»

እኔ የዚያን ቀኑን ነገር ሳስበው እስከ ዛሬ ብቻዬን እስቃለሁ። አቶ ማርቆስ ጉማሬ ከኦሞ ወጥቶ የአባታቸው የበቆሎ ማሳ ውስጥ እንዴት እንደገባ መናገር ጀመሩ። ጉማሬው ሲተነፍስ እንዴት እንደሚያጓራ ማሳየት ነበረባቸው፤ አሳዩ። ከዚያ ሲሮጥ ማሳየት ነበረባቸው። ከዘራቸውን ጣሉ፤ ጋቢያቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ከመሩ፤ በእጅና በእግራቸው ሜዳውን ዞሩት! ልጆቹ እየጮኹ ተበተኑ፤ ተመልሰው መጡ፤ «አባትየውስ? አባትየውስ?» እያሉ ጋቢያቸውን ይጎትታሉ። «አባቴ ዛፍ ላይ ወጣ! እናቴ ከታች ቆሞ ይስቃል!» ይላሉ አቶ ማርቆስ እያለከለኩ። ዶርቃ አባቷን እንዲያ ስትመለከት ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። ከዘራውን ካፈር ያነሣችው እሷ ናት፤ ግን ልትሰጣቸው ብትል የሚቀበላት ጉማሬ ጠፋ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አቶ ማርቆስ ከሁላችን ቀድመው መጡ። ዶርቃ ኳስ ስትመታም ከመስመሩ ዳር ቆመው፣ «እንዴት ይመታል ልጄ! አያችሁ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

በዚህ ሁኔታ ዓመቱ አለፈ። እትዬ ራሔል በጋሽ ዳዊት መኪና እየተጫኑ ቤሌ፣ ገሱባና ቦምቤ ድረስ እየሄዱ እዚያም ትልልቅ ሰዎችን ማንከባለል ጀመሩ። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አመጡ፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ የአራቱም ከተማ ልጆች ሶዶ ላይ ተሰብስበው አብረው ይዋሉ። እኛ አበድን! ሽኩር ባዶ ጆንያ ሰበሰበ። እናቶቹ ቦዬ የሚባለውን የሥር ምግብ ለመቀቀል ድስት አዘጋጁ። አቶ ማርቆስ ከቤታቸው ጭነት የሚያስሩበትን ወፍራም ገመድ ይዘው መጡ። እኔ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ እንኳ ጣቶቼ የሚመቱት ደብዳቤ ሌላ፣ አእምሮዬ የሚያሰልፈው ልጅ ሌላ ሆነ።

ቅዳሜ ደረሰ። ዳሞታ ተራራ ጉሙን ገና አላወለቀም። ከጉሙ ውስጥ በመጀመሪያ ዘፈን መጣ፤ ቀጥሎ ከቦምቤ በእግራቸው የተነሡት ልጆች ብቅ አሉ። የጋሽ ዳዊት ጡሩምባ ከታች ተሰማ፤ የገሱባ ልጆች መኪናው ላይ እንደ ዶሮ ታጭቀው እየጨፈሩ ደረሱ። የቤሌዎቹ ተከተሉ። ሜዳው ሞላ። መሬቱ ከእግራችን ሥር የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ።

እትዬ ራሔል ግን የሉም።

አንዲት የክሊኒኩ ሠራተኛ እየሮጠች መጣች። «ወሰዷት! ሁለት ፖሊሶች መጡና የከተማው ሹም ይፈልጉሻል ብለው ወሰዷት። ማን ፈቅዶ ነው ይህን ሁሉ ሰው የሰበሰብሽው ተብላለች።»

«ምንም አላለችም?» አላት ሽኩር።

«ጀምሩ በሏቸው ብላለች። ሌላ ምንም አላለችም።»

ተያየን። አንደኛው መምህር፣ «ልጆቹን ወደ ቤታቸው እንመልስ፤ እኛም እንታሠራለን» አለ። እውነቱን ነበር። እኔ ራሴ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ሰኞ አለቃዬ ፊት የምቆም ሰው ነኝ። አቶ ማርቆስ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ልጆቹ ከቦምቤ በእግሩ መጥቷል። ምን ብለን እንመልሰዋለን?» አሉ።

ይህን ጊዜ ሽኩር የጨው ሣጥን ጎትቶ አመጣና ላዩ ላይ ወጣ። ሽኩር! አፉን ከፈተ፤ መጀመሪያ ድምፅ አልወጣውም። ከዚያ የአንድ ልጅ ስም ጠራ። ከዚያ የሌላ። እየጠራ፣ «አንተ ወደዚያ ዋርካ፣ አንቺ ወደዚህ፣ የገሱባ እንግዳ ይዘሽ ሂጂ» እያለ ይደለድላል። ስሙ የተጠራ ልጅ ሁሉ እየዘለለ ይወጣል። ድምፁ እየጎላ፣ እየጎላ መጣ። ልጆቹም እንዲሰሙት ጸጥ አሉ። የተቀረነው ከእንቅልፍ እንደ ነቃ ሰው በየቡድናችን ተበተንን።

ያን ጠዋት ምን ልበላችሁ! ጆንያ ዝላዩ፣ ዱላ ቅብብሉ፣ የዶርቃ ቡድን የቤሌን ሴቶች በኳስ ሲገጥም የነበረው ጩኸት! የከተማው ሰው ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ሜዳውን ከበበው። ዓምና በኛ ሲስቁ የነበሩት ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው፣ «በርቺ! በርቺ!» እያሉ ያጨበጭባሉ።

ገመድ ጉተታው ላይ ደረስን። እኔ ነኝ የምመራው፤ ሶዶና ገሱባ። ሁለቱም ወገን ተረከዙን አፈር ውስጥ ቀብሮ ይጎትታል፤ ሕዝቡ ይጮኻል፤ ገመዱ ይንጣጣል፤ እናም ጧ ብሎ ተበጠሰ! ሁሉም በጀርባው ተዘረረ። የገሱባ ልጆች የተነሡት፣ «ቆርጣችሁታል! ማታ ቆርጣችሁ ነው ያመጣችሁት!» እያሉ ነው። የሶዶዎቹ መለሱላቸው። ዓይኔ እያየ አንድ ትልቅ የገሱባ ልጅ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሣ። ከዚህኛው ወገን ሌላ ልጅ እንዲሁ አነሣ። ሕዝቡ ማፈግፈግ ጀመረ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ያ ልጅ ሊወረውር እጁን እንደዘረጋ ይታየኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አልጮህኩም። ሄጄ በሁለቱ መሐል ቀዩ አፈር ላይ ቁጭ አልኩ፤ የገመዱን ሁለት ጫፍ አነሣሁና ለመቋጠር ሞከርኩ። ተፈታብኝ። እንደገና ሞከርኩ። ድንጋይ የያዘውን የገሱባ ልጅ ቀና ብዬ አየሁትና በቀስታ፣ «እኔ የጽሕፈት ሠራተኛ ነኝ፤ ቋጠሮ አልችልም። አንተ ከብት አስረህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«አዎ» አለ።

«እንግዲያው አሳየኝ።»

ትንሽ አመነታ። ገመድ በአንድ እጅ አይቋጠርም። ድንጋዩን አየው፣ ገመዱን አየው፣ ጣለውና ጎኔ ተንበረከከ። «እንዲህ ከሆነማ ይላቀቃል» አለኝ በንቀት፤ ከእጄ ነጠቀኝ። የሶዶው ልጅ ከወዲያ አንገቱን አስግጎ፣ «በዚያ በኩልማ አዙረው እንጂ» አለ፤ እሱም ድንጋዩን ጥሎ መጣ። ሁለቱ ሲከራከሩ፣ ሲቋጥሩ፣ ሲጎትቱ እኔ ላቤ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል። ሲጨርሱ አቶ ማርቆስ በዚያ በስብከት ድምፃቸው፣ «አሁን ተቀላቅሎ ይጎተታል! ገሱባና ሶዶ እዚህ፣ ቦምቤና ቤሌ እዚያ!» አሉ። ገመዱ እስከ መጨረሻው አልተፈታም።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ውኃ ላመጣ ወደ ጋሽ ዳዊት መኪና ሄድኩ። ጋሽ ዳዊት ጎማው ሥር ተቀምጠው በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ቀና ብዬ ባይ ከሸራው ሥር ሁለት ዓይኖች ያበራሉ። እትዬ ራሔል ናቸው።

«መቼ ለቀቁዎት?» አልኩ ጮኼ።

«ዝም በል፣ አትጩህ» አሉኝ። «ሹሙ መሪው ማነው ቢሉኝ፣ እኔ እዚህ ነኝ ጌታዬ፣ መሪዎቹ እዚያ ናቸው፤ ሄደው ይዩ አልኳቸው። ሰው ልከው አስጎበኙ። ሰላም ነው ሲባሉ ሂጂ አሉኝ።»

«ታዲያ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያሉት?»

«ገመዱ ከመበጠሱ በፊት ጀምሮ።»

ንዴት ያዘኝ። «እያዩ ነበር? ድንጋይ ሲያነሡ እያዩ? ለምን አልወረዱም?»

የነጠላቸውን ጫፍ አሳዩኝ። በጥርሳቸው አኝከው አኝከው ጨርሰውት ነበር። ከንፈራቸው ሳይቀር ደምቷል። «እግሬን ሁለት ጊዜ አውርጄ ነበር» አሉኝ። «ወርጄ ቢሆን ዛሬን እኔ እመራው ነበር። ከዚያስ? በየቅዳሜው የራሔልን መምጣት ልትጠብቁ ነው?» ከዚያ ፊታቸው በሳቅ ፈካ፤ ከሸራው ወጥተው ትከሻዬን ያዙና ነቀነቁኝ። «ሎኦ! ሎኦ! እንዴት ያለ አቀማመጥ ነው የተቀመጥከው!»

ሜዳው ላይ ብቅ ሲሉ የተነሣው እልልታ ዳሞታን የሚያልፍ ነበር። እሳቸው ቀጥ ብለው ወደ ጆንያ ዝላዩ ሄዱና አንድ ጆንያ ሊያነሡ ሲሉ ዶርቃ ከፊታቸው ቆመች። «እትዬ፣ ሰልፍ አለ» አለቻቸው። እትዬ ራሔል ዙሪያቸውን አይተው፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ» ብለው ከልጆቹ ሁሉ ኋላ ሄደው ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ በያዙት ጆንያ ሦስቴ ዘለው ተደፉ። እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም።

ሹሙ ግን ነገሩን አልረሱትም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ እትዬ ራሔል ወደ ቦምቤ ጤና ጣቢያ እንዲዛወሩ ታዘዘ። እሳቸው ከሄዱ ይህ ጉድ በራሱ ይከስማል ተብሎ የታሰበ ይመስለኛል። እኛ አቤት እንበል፣ ፊርማ እናሰባስብ ብለን ተነሣን። እሳቸው ግን፣ «ቦምቤ ልጅ የለም እንዴ?» አሉ። አልቅሰው እንደሆነ እኛ ፊት አላለቀሱም። ጋሽ ዳዊት ብቻ፣ «ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰችም» ብለው ሹክ አሉኝ።

የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ጋሽ ዳዊት አልጋውን፣ ድስቱን፣ ወንበሩን መኪናው ላይ ጭነው አሰሩ። ሁላችንም መኪናው ጋ ተሰበሰብን። እናቶቹ ከቃሪያ የተፈጨ ዳጣ በእንስራ ሞልተው አምጥተዋል። ሽኩር ሙሉ ጆንያ ስኳር ተሸክሞ መጥቷል። አቶ ማርቆስ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ረዘም ያለ ጸሎት ጀምረዋል፤ በየመሐሉ ድምፃቸው እየተቆረጠባቸው። እኔ የምናገረውን ሌሊቱን ሙሉ ሳዘጋጅ አድሬያለሁ፤ «ውድ እትዬ ራሔል» ብሎ የሚጀምር ነበር። ሁላችንም እናለቅሳለን።

እትዬ ራሔል የመኪናውን በር ይዘው ሲሰሙ ቆዩና ድንገት ቀና አሉ። አንድ በአንድ አዩን። ሽኩርን፣ አቶ ማርቆስን፣ እናቶቹን፣ መምህራኑን፣ እኔን። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ቆይ እንጂ» አሉ። «ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እንዴ?»

«አዎ» አልን።

«ሁላችሁም እዚህ ናችሁ። ልጆቹን ለማን ትታችሁ መጣችሁ?»

ከሜዳው በኩል በነፋሱ የልጆች ጫጫታ መጣ፤ አለቃ የሌለው፣ ከፍ ዝቅ የሚል ጫጫታ። ሽኩር እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። አቶ ማርቆስ አሜን ሳይሉ ዓይናቸውን ገለጡ።

ማን እንደጀመረው አላውቅም። ሮጥን። ሁላችንም ሮጥን። አቶ ማርቆስ የካፖርታቸውን ጫፍ ሰብስበው፣ እናቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ሽኩር ከሁላችን ፊት፤ አቀበቱን ወደ ሜዳው ሽቅብ። ከኋላችን የመኪናው ሞተር ሲነሣ ሰማሁ፤ ጡሩምባውም ደጋግሞ ጮኸ። መዞር ነበረብኝ፤ እጄን ማውለብለብ፣ ደህና ይግቡ ማለት ነበረብኝ። ግን ሜዳው ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ለብቻዋ ተቀምጣ ታየችኝ፤ ወደ እሷ እየሮጥኩ ነበር።